የባሌ አባት የቱርክ ሱሪ

እናንተ ዛሬ ቢጃማ ትሉታላችሁ። ከነቁልፉ ከነኪሱ ገዝታችሁ ለብሳችሁት ትተኛላችሁ። ለተኛ ሰው ኪስ ምን እንደሚያደርግለት እንጃ፤ ሕልም ትቋጥሩበት ይሆናል። በኛ ጊዜ ወንዱ ወይ በጠባብ ሱሪው እንደታጠቀ ይተኛል፣ ወይ አውልቆ ጋቢውን ይከናነባል፤ ሌላ ነገር የለም። ሐረር ላይ፣ ከኛ ከክርስቲያኖቹ ወገን፣ ለመኝታ ብላ ሰፊ ሱሪ በእጇ የሰፋች የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። የለም፣ ሌላ ነበረች የሚል ካለ ይምጣ፤ ጥርሴ ቢያልቅም ምላሴ አለ።

ጣሊያን ሳይገባ ነው። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሥራ ይዞ በወር አንዴ ብቅ ይላል፤ እኔን ኤረር በርን ገባ ብሎ ካለው ከአባት ከእናቱ ቤት አስቀምጦኛል። የባሌ አባት ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ሐረር በተያዘ ጊዜ፣ ከንጉሡ ጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። በሁለት ነገር ይመካሉ። አንደኛው ሱሪያቸው ነው። ከጉልበት በታች ቆዳቸው ላይ የተሰፋ ይመስላል፤ ለማውለቅ አንድ ሰው ከታች ሆኖ ይጎትትላቸዋል። ሁለተኛው ጨዋነታቸው ነው። እዚህ አገር ይህን ያህል ስኖር አንድ ቀን የሴት እግር አይቼ አላውቅም ይላሉ።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሐረሪ ሴቶች በቀሚሳቸው ሥር ሱሪ ይለብሳሉ፤ ገናፊ ይሉታል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ በሐር ክር ይጠለፋል። በገበያ ቀን ትልቁ ገበያ ጊደር መጋላ ብትሄዱ መሬቱ አበባ ያወጣ ይመስላችኋል። አባባ እዚያ ሲያልፉ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ነው። ሰማይ እያዩ ሄደው አንድም ቀን የሰው በርበሬ አለመርገጣቸው ግን ያን ጊዜም ይገርመኝ ነበር።

አንድ ቀን በቅሏቸው ኤረር በር ላይ ከግመል ጋር ተገናኘች። ግመሉ ጨዋ ነበር፤ የደነበረችው በቅሎዋ ናት። አባባ ወደቁ፣ ጉልበታቸው ተሰበረ። ወጌሻው መጣና መጀመሪያ ሱሪው ይውለቅ አለ። እንዴት ይውለቅ? እግሩ ውስጡ ሆኖ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ቢላውን አወጣና ከላይ እስከ ታች ቀደደው። አባባ አጥንታቸው ሲጠገን ትንፍሽ አላሉም፤ ሱሪው ሲቀደድ ነው እንባቸው የመጣው። ባለቤታቸው፣ እማማ የምላቸው፣ ቅዳጁን አጥበው አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት፤ ሟች የተወው ልብስ ይመስል።

ጉልበቱ በእንጨት ስንጥር እንደታሰረ ሳምንታት ተኙ። አንድ ረቡዕ ወጌሻው ተመልሶ ዳሰሰው። አጥንቱ ይዟል፣ ስንጥሩ ገና አይፈታም፤ ግን ከእሑድ ጀምሮ ተነስተው ግቢ ውስጥ በምርኩዝ ካልረገጡ ጉልበቱ እንደ ደረቀ እንጨት ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክዎን ሲጎትቱት ይኖራሉ አላቸው።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሱሪ ሳልታጠቅ ደጅ አልወጣም አሉ። ጋቢ ነፋስ ይገልጠዋል፤ ከጎረቤት ሰገነት ቁልቁል የሚያይ አለ፤ ወታደር እንደ ሕፃን ልጅ ታችኛው ባዶ ሆኖ ሰው ፊት አይቆምም። እማማ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ የነፍስ አባት አስጠራለሁ አሉ። ወይ ፍንክች። በቅሎ መውጣቱ ሊቀር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙ ሊቀር ነው፤ ሁሉ ለአንድ ሱሪ። እማማ ጓዳ ገብተው መሶቡን ከዘወትር ቦታው አንስተው ሌላ ቦታ አኖሩት፤ ሲጨንቃቸው እንደዚያ ናቸው።

በነጋታው ማለዳ መኪና ግርግር ወደሚሉት መንገድ ሰደዱኝ። የስፌት መኪናዎቹ ግራና ቀኝ የሚንጫጩበት ነው፣ ሰፊዎቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው። አንዱን ጠጋ ብዬ ነገሩን አስረዳሁት። ያልለካሁትን አልሰፋም አለኝ፤ መለካት እምቢ ይላሉ አልኩት። ብለካቸውስ ያን ስንጥር አልፎ የሚገባ ሱሪ ከየት ይመጣል አለና መኪናውን አቆመ።

«ሱሪ በአንገት አውልቁ ሲባል ሰምቼ ነበር» አለኝ። «እናንተ ደግሞ በአንገት አግባልን ልትሉ ነው።»

ከጎኑ ያሉት ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ሳቁብኝ። መንገዱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

እኔም በእልህ ተመለስኩ። ራሴ እሰፋዋለሁ አልኩ። በኛ ቤት ሴት ትፈትላለች እንጂ ልብስ የሚሰፋ ወንድ ነው፤ ሴት የወንድ ሱሪ ይዛ ስትቀመጥ ያየ የለም። ግን አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲሉ አልሰማችሁም? ሳሚዋ እኔ ነበርኩ። እናቴ ለትዳሬ የሰጠችኝ አቡጀዲ ነበረኝ። አዲስ አቡጀዲ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ታማሚ ሰው ቢለብሰው ይላጠዋል። ስለዚህ በእንዶድ ዘፍዝፌ ስረግጠው፣ ሳጥበው፣ ደግሜ ስረግጠው ረፈደ። ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲመጣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ ነበር። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነኝ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው።

የተቀደደውን ሱሪ ከሳጥን ሰረቅሁ። አቡጀዲው ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በከሰል አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሁለቱን እግር ገጣጥሜ ሰፋሁት። እንዴት እንደሆነ ለማየት የሚለብሰው ሰው ያስፈልጋል፤ ባሌ ድሬዳዋ ነው። እኔው ለበስኩት። እግሬ ገባልኝ። ልራመድ ስል ግን አልራመድም፤ ልቀመጥ ስል አልቀመጥም፤ ላውልቀው ስል እሱም እምቢ አለ። ጓዳው መሀል እንደ ምሰሶ ተተክዬ ቀረሁ። እንደዚያ እንዳለሁ እማማ እህል ሊሰፍሩ ገቡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ደግመው ከታች እስከ ላይ አዩኝ።

«የልጄ ሚስት ወንድ ልጅ ትወልድልኛለች ብዬ ስጠብቅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ራሷ ወንድ ሆና ቆየችኝ።»

ከዚያ መሬት ላይ አስተኙኝና ልክ እንደ አባባ ከታች ሆነው ጎተቱልኝ። ሱሪው ድንገት ሲለቅ ከነሱሪው ወደኋላ ወደቁ። አባባ ከወደቁ ወዲህ እማማ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቃቸው ሲያልቅ ደግሞ ዓይናቸውን ጠረጉ። ነገ ዓርብ ነው፣ እሑድ ቀርቧል አሉ። አትስፊ ግን አላሉኝም።

ዓርብ ጠዋት ቅዳጁንም ስፌቴንም በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ግንባችን አንድ ነው። ሐረሪ ናቸው፤ ልጆች ድረው የጨረሱ ትልቅ ሴት። አይ እላቸዋለሁ፤ በነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። እኔ አዲስ የመጣሁ ጊዜ ግን ልጆቻቸው በር ላይ «አይ፣ አይ» እያሉ ሲጣሩ ስሰማ፣ ምን ብታዛቸው ነው ሁሉም እምቢ የሚሏት ብዬ አዝኜላቸው ነበር።

አይ ስፌቴን ተቀብለው ገለበጡት፣ እግሩ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ፣ በመሀሉ ወደ ብርሃን አዩ።

«ጀጎል እንኳ ያን ሁሉ ግንብ ይዞ አምስት በር አለው» አሉኝ። «ያንቺ ሱሪ ሁለት ግንብ ብቻ ነው፤ ሰውዬው በየት ይውጡ?»

ቀጥለው የአባባን ቅዳጅ አነሱና ስፋቱን በስንዝራቸው ለኩት። ወንዶቻችሁ በዚህ ተጠፍረው ነው ወይ የሚተኙት ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ወላሂ፣ በቅሎ እንኳ ሲመሽ ጭነቷን ያራግፉላታል አሉ። ከዚያ ካጠቡት ልብስ መሀል የራሳቸውን ገናፊ አምጥተው ምንጣፉ ላይ ዘረጉልኝ። ከወገቡ እንደ ከረጢት ሰፊ ነው፤ ወገቡ ታጥፎ ማሰሪያው በውስጡ ያልፋል፤ በሁለቱ እግር መሀል ደግሞ አንድ አራት ማዕዘን ቁራጭ አለ። በሩ እሱ ነው። እሱ ካለ ሰው ይቀመጣል፣ ይገላበጣል፣ እግሩን ይሰቅላል። እኔ የማላውቀው ያችን ቁራጭ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ጠባብ ጠባብ ነገር ሲናገር ስሰማ፣ ይህም በመሀሉ ቁራጭ ጎድሎታል እላለሁ።

የተረፈኝን አቡጀዲ አምጥቼ በገናፊው ልክ እንደገና ቆረጥን። የአባባ ግራ እግር ከነስንጥሩ እንዲገባ ያንን እግር ከላይም ከታችም ሰፋ አደረግነው፤ አንድ ቁና ገብስ ይይዛል። ማሰሪያውን ከመቀነቴ ጫፍ ቆርጬ አስገባሁ። ሲመሻሽ ጠርዙ ብቻ ቀረ። እሱን ለኔ ተይው፣ ነገ ትወስጂዋለሽ አሉኝ አይ።

ቅዳሜ ሄጄ ስቀበላቸው ደነገጥኩ። በሁለቱም እግር ቁርጭምጭሚት ላይ ዙሪያውን አረንጓዴና ቀይ የሐር ጥልፍ ገብቶበታል። ለልጃቸው ሰርግ ከገዙት ክር የተረፈውን ነው። ጠርዙ ባዶ የሆነ ሱሪ ለትልቅ ሰው መስጠት ነውር ነው አሉ፤ ከልባቸው ነው፣ ዓይናቸው እስኪቀላ ሰፍተውታል። ፍቱልኝ ልበል? አፌ እሺ አላለኝም። አባባ ይህን ሲያዩ የሴት ሱሪ አለበሳችሁኝ ብለው ጨርሰው እንደማይነሱ እያሰብኩ ወደ ቤት አዘገምኩ። ደጃችን ስደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደረጃው ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። አባባ የሴት እግር አይተው አያውቁም። አይተው የማያውቁትን ደግሞ በምን ይለዩታል?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጌሻው መጣ። ሱሪውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። አባባ ጨርቁን በጣታቸው አሹት፣ ወገቡን ዘረጉት፤ ፊታቸው ፈካ አለ። ከዚያ እጃቸው ወደ ታች ወረደ። ጥልፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ…» አሉ።

እማማ እግርጌ ቆመዋል። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ የቱርክ ሹም የመኝታ ሱሪ ነው አልኳቸው። ቱርክ ከዚህ ከተማ የወጣው የነአባባ ጦር ሳይመጣ በፊት ነው፤ ማንም ተነስቶ ሊመሰክርብኝ አይችልም።

«ሌላ የሚመስልዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ አባባ» አልኩ። «አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

«አዎ፣ ይንገሯት እንጂ» አሉ እማማ። «የት ያውቁታል?»

ወጌሻው ጉሮሮውን ጠረገ። አባባ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ መውጫ አጡ። ቀና ብለው ጣራውን ተመለከቱ፣ ልክ ጊደር መጋላ ላይ ሰማዩን እንደሚያዩት። ቱርኮች እንደዚህ ይለብሱ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ አሉ በመጨረሻ። እኛ ሴቶቹ ፊታችንን አዞርን፤ ወጌሻው አለበሳቸው።

ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ላብ በላብ ሆኑ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ምርኩዙን አስቀደሙና ግቢው ውስጥ ረገጡ፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ። ነፋሱ ነፈሰ፣ ጋቢያቸውን ገለጠው፤ ይግለጠው፤ ከሥሩ ሱሪ አለ። አይ ከሰገነታቸው ሆነው ያዩ ነበርና እልል አሉ። አባባ ለጉልበቴ ነው ብለው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ። አይ እልል ያሉት ለጥልፋቸው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ረገጡ። ስንጥሩ ተፈታ፣ ጉልበቱ ቀስ እያለ መታጠፍ ጀመረ። ለደጅ የሚሆን ሱሪ ያ የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ ሰፋላቸው፤ አሁን የሚለካ እግር አላቸዋ። ያኛውን ግን ለመኝታ አደረጉት። እግሬ በውስጡ ይንሸራሸራል ይላሉ። የሰሙ ጓደኞቻቸው ሊያዩት ቢለምኗቸው ግን ለማንም አላሳዩም።

አንድ ቀን ለብቻዬ ገበያ ልውረድ አሉ፤ ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። እማማ ሰው ይከተልዎ ቢሉ እምቢ አሉ። ዳገቱን እንዴት ይመለሱታል ብለን ደጃፉ ላይ ተቀምጠን እየፈተልን ጠበቅን። ከቀትር በኋላ በራሳቸው እግር መጡ። ምርኩዙን እንደ ዱላ ትከሻቸው ላይ ጥለውታል። አልፈው ሊገቡ ሲሉ ከደረታቸው ትንሽ ጥቅል አውጥተው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። ፈታሁት፤ አረንጓዴና ቀይ የሐር ክር ነው።

«የግራው እግር ጥልፍ በስንጥሩ ተፍቋል» አሉ።

እንዴት አድርጌ ልጥለፈው አባባ አልኳቸው።

«ከዳር አረንጓዴ፣ ወደ ውስጥ ቀይ፣ ጫፉ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ነገር። ዛሬ ያቺ ቅመም ሻጯ ያደረገችው ዓይነት…»

እማማ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ማን ያደረገችው?» አሉ።

አባባ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«ቱርኮቹ» አሉ።