የኔታ ለጥዱ የነገሩት

በጣሊያን ጊዜ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ መውጫ ባለው ሰፈራችን፣ ከየኔታ ዘንድ የምንማረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነበር። ሴቶች ሦስት ብቻ ነን። እኔ ወንዶቹን ቀድሜ ዳዊት ስለጀመርኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ጉራም ነበረብኝ።

ከዚያ የወር አበባዬ መጣ። አስቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ የምሞት መሰለኝ። እናቴ "ዝም በይ" ብላ ጨርቅ ሰጠችኝና እስክነጻ ድረስ የቅጽሩን በር እንዳላልፍ አስጠነቀቀችኝ። ደንቡ ነው። ሰባት ቀን ቀረሁ፤ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። አባቴ ተቆጡ። "አንዴ መማር፣ አንዴ መቅረት ምን ይሉታል? ለሦስተኛ ጊዜ ከቀረች ትምህርቱ ይብቃት፣ ለትዳር ትሰናዳ" አሉ። እናቴ ምክንያቱን ለወንድ መንገር ነውር ነው ብላ ዝም አለች። እኔ እህል አልበላ አለኝ።

ምስጢሬን ያወጣሁት ምንጭ ወርጄ ለየኔታ ባለቤት ነው። በማግስቱ የኔታ ወንዶቹን እንጨት ልቀሙ ብለው ሰደዱና ሦስታችንን ከቅጽሩ ጥድ ሥር አስቀመጡን። ባለቤታቸውም መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። የኔታ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ፊታቸውን ወደ ጥዱ አዙረው፣ በግዕዝ ጀመሩ። እኛ ንባቡን እንጂ ትርጉሙን የት እናውቃለን! ወደ አማርኛ ሲመለሱ ደግሞ "ሴት ልጅ... ያው... ወር በገባ ቁጥር..." ይሉና ያስላሉ።

ባለቤታቸው ታግሠው ታግሠው፣ "ጥዱስ ገብቶታል፤ አሁን ደግሞ ለልጆቹ ይንገሯቸው" አሉ።

የቀረውን ባለቤታቸው ራሳቸው ነገሩን። በሽታም እርግማንም እንዳልሆነ፣ ጨርቁ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠር። "ያለዚህ እናት የሆነች የለችም፤ የየኔታም እናት ጭምር" ሲሉ የኔታ ጥዱን ተደገፉት። በዚያ ዘመን ጀግና የሚባለው ጫካ የገባው ነበር። የእኔ ጀግና ግን ከጥድ ጋር ሲነጋገሩ ያላባቸው የኔታ ናቸው።

ሳይዞሩ አንድ ነገር ጠየቁ። "ስንት ቀን ነው የሚያስቀራቸው?"

"ሰባት" አሉ ባለቤታቸው።

ሰኞ ስንመጣ የየኔታ መቀመጫ ድንጋይ ከቅጽሩ ውጭ፣ ገላጣው ሜዳ ላይ ወጥቷል። አባቴ ገርሟቸው ሊጠይቁ መጡ። ዋሸህ ብለው ስንቱን ልጅ የገረፉት የኔታ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ "ለጣሊያን አውሮፕላን እንዳንታይ ብዬ ነው" አሉ።

አባቴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ዙሪያውን ቃኙ፤ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ የለም። ከዚያ እኛን ሦስቱን ሴቶች አዩን። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ልክ ብለዋል፣ የኔታ" አሉ በመጨረሻ። "እዚህ ይሻላል።"

በሦስተኛው ወር ቀኑ ሲደርስ ፈራሁና ከቤት ጥግ ተቀመጥኩ። መጥተው ከበላዬ የቆሙት አባቴ ናቸው።

"ተነሺ እንጂ፤ ሜዳ ምን በር አለው?" አሉኝ።