በሀዋ ድስት ውስጥ የገባው የፍየል ወርች

ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ስንት ዓመቴ! ጾም የገደፍሁትን ተናግሬያለሁ፤ ሰው የረገምሁትን ተናግሬያለሁ፤ የአማቴን ሞት የተመኘሁትን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ይችን ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣኋትም። ለምን መሰላችሁ? አባ ደግ ናቸው። «ሁለት ሱባዔ ጹሚ፣ ስገጂ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሉኛል፤ በቃ አለቀ። እኔ ደግሞ መፈታት አልፈልግም። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ፣ ልናገር። እናንተ መፍታት አትችሉም። ደግሞ እንዳታዝኑልኝ፤ ሐዘናችሁን ለሀዋ አስቀምጡላት።

ዝናሽ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ቆቦ ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር በነበረ የመንግሥት ሆቴል ወጥ ሠሪ ነበርሁ። ዛሬ ሆቴሉ የለም፤ ቦታው ላይ ባጃጅ ይቆምበታል። ያን ጊዜ ወደ ሰሜን የሚወጣው ሾፌር፣ ወደ ግንባር የሚጫነው ወታደር፣ ከአፋር በኩል ጨው ይዞ የሚመጣው ነጋዴ፣ ሁሉም እኛ ዘንድ ነበር የሚበላው። ጓዳው ሁለት ነው፤ በስተቀኝ የክርስቲያን፣ በስተግራ የሙስሊም። ቢላዋው ለየብቻ፣ መክተፊያው ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ። የሙስሊሙ ድስት ጆሮ ላይ፣ ማንም እንዳይሳሳት፣ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። በሐዘንም በሠርግም አንለያይም፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እነሱ የእነሱን፣ እኛ የእኛን። ቆቦ ተወልዶ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም አውቅ ነበር። አሳምሬ አውቅ ነበር!

የግራው ጓዳ የሀዋ ነበር። እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የሽንኩርት አከታተፍ ያሳየኋት እኔ ነኝ። በልጅነታችን ውሃ የቀዳነው ከአንድ ጉድጓድ ነው፤ ስትስቅ ከሩቅ አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት በሙያ ጥላኝ ሄደች። ሾፌሩ ገና ሳይቀመጥ «የሀዋ እጅ ነው?» ይላል፤ አዎ ካሉት ቢስሚላህ ብሎ ይጀምራል። ስለ እኔ ወጥ ግን የጠየቀ የለም። ከነከነኝ ወይ? እንዴት አይከነክነኝ!

በዚያ ዓመት ቆላው ላይ የመስኖ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ቡልጋሪያውያን እኛ ዘንድ ይበሉ ነበር። አለቃቸው ከሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ ጋር ተመካከሩና አንድ ነገር ተወሰነ። አገራቸው ተራራ ላይ፣ በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ እንግዶች የተሠራ ማረፊያ አለ፤ ከእኛ ሆቴል አንዲት ሠራተኛ ሄዳ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት እዚያ ሠርታ፣ ሙያ ይዛ ትመለስ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንን ሰበሰበና «ጓድ ሀዋ ትሄዳለች» አለ።

ሀዋ በሳቅ ፈረሰች። «በረዶ? እኔ? ያረቢ! እዚህ ጠጠር የምታህል ስትወርድ እንኳ ከአልጋ ሥር ነው የምገባው!» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «ዝናሽዬ፣ አባባ እሺ እንዲሉኝ እስቲ በእምነትሽ ለምኝልኝ» አለችኝ። «አብሽሪ፣ እሺ ይላሉ» አልኋት። በአፌ ነው። በልቤ ግን ጠላኋት። የያዘችኝን እጇን ሳይቀር ጠላሁት። ባሌ ግንባር ነበር፣ ብቻዬን ነበርሁ፣ ቆቦ አንገሽግሾኝ ነበር እያልሁ ሰበብ ልደረድርላችሁ እችላለሁ። አልደረድርም። ሀዋም ባል አልነበራትም፤ ሀዋ ግን ማንንም አልጠላችም።

አባቷ ሼህ እንድሪስ የተከበሩ ሰው ናቸው። ጭንቀታቸው አንድ ነበር፦ «ልጄ ሰው አገር ሄዳ ምን ትበላለች?» ሀዋ እንቁላልና ባቄላ ብቻ እበላለሁ፣ የራሴን ቢላዋ ይዤ እሄዳለሁ ብላ ማለችላቸው። እሳቸውም በኋላ ለዘብ አሉ። በገበያ ቀን ሁለት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፣ ከእጇ በልተን መርቀን እንሸኛታለን አሉ። መንገድ ያለ ምርቃት አይጀመርምና።

ቀኑ የፍስክ ቀን ነበር። በእነሱ በኩል በግ ታረደ፤ በእኛ በኩል ፍየል። ሀዋ የበጉን ወጥ ከጠዋት ጀምራ ስታንተከትክ ቆየች። ቀትር ላይ ሽማግሎቹ ከመስጊድ ሳይመለሱ፣ እሷም ዙሁር ልትሰግድ ተነሣችና፣ «ዝናሽዬ፣ ድስቴን እይልኝ፣ መጣሁ» አለችኝ። ድስቴን እይልኝ! ከሰው ሁሉ መርጣ ለእኔ!

አየሁላት። የፍየሌን ወርች ከነአጥንቱ ቆረጥሁ። ቀዩን ጨርቅ እያየሁ ክዳኑን ከፈትሁ። ጨመርሁት፤ በራሷ ጭልፋ አማሰልሁት። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው የሚል ሰው አለ፤ እኔን ማንም አላሳሳተኝም። እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።

ሽማግሎቹ በሉ። ሼህ እንድሪስ «ጣፍጧል» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይወጣም። ሀዋ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ይሄኔ እኔ ከጓዳ ብቅ አልሁና፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ሀዋ! የፍየሌን ወርች የት አገባሽብኝ? ከመክተፊያዬ ላይ ጠፋኮ!» አልሁ። ይችው ናት ያልሁት። ስድብ የላትም፣ ክስ የላትም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰላሰልኋት ቃል ናት።

ሼህ እንድሪስ ትሪው ላይ ያለውን አጥንት አነሡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብት ጋር የኖሩ ሰው፣ የበግና የፍየል አጥንት ይጠፋቸዋል? አገላብጠው አዩትና ለሽማግሎቹ አቀበሉ። «የፍየል ነው» አሉ፤ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም።

ሀዋ ደሟ ከፊቷ ሸሸ። «ወላሂ አባባ፣ አልነካሁም! ለዙሁር ስሄድ ድስቱን ለዝናሽ ነው የተውሁት። ዝናሽ ታውቃለች፣ ጠይቋት!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ተጠራጥራኝ እንዳይመስላችሁ። ለምስክርነት ነው የጠራችኝ። ዓይኗ ላይ ጥርጣሬ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

ሁሉም እኔን አየኝ። እኔም «እኔ ምን አውቃለሁ» አልሁ።

እኔ ምን አውቃለሁ! በዚህ ምድር ላይ ያን ነገር የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሼህ እንድሪስ ወደ ውጭ ወጥተው ግራሩ ሥር አስመለሳቸው። አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ሥራ አስኪያጁ «ምን ታካብዳላችሁ፣ ሥጋ ሥጋ ነው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ የሳቀለት የለም። ሼህ እንድሪስ ልጃቸውን አልተቆጧትም። «ከእንግዲህ ከእጅሽ አልበላም» ብቻ ብለው ሄዱ። ምርቃቱም ጉዞውም እዚያው ላይ ቀረ። ወሬው ሲዛመት ሾፌሮቹ የግራውን ጓዳ ሸሹት፤ በሳምንቱ ሀዋ ከሥራ ተባረረች። ወሩ ሳያልቅ ዋጃ ላለ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሽማግሌ ተዳረች። ሥራ አስኪያጁ «በእሷ ቦታ ያንቺን ስም ጽፌያለሁ» አለኝ። አመሰገንሁት።

ሄድሁ። አውሮፕላን፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ጎማው ላይ ሰንሰለት የታሰረበት መኪና። በጠዋት ስነቃ በመስኮቱ የሚታየው ሁሉ ዱቄት የተደፋበት ይመስላል። ሥራዬ ከደጃፉ በረዶ መዛቅ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ የእንግዳውን እርጥብ ጫማ ምድጃ ዳር መደርደር፣ ከዚያ ወጥ ቤት። እንግዶቹ እግራቸው ላይ ረጅም ጣውላ ያስሩና በገመድ ተጎትተው ተራራውን ይወጣሉ። ሲወጡ ምን ያደርጋሉ? ቁልቁል ይወርዳሉ! ሲወርዱ ደግሞ እንደገና ይወጣሉ። ሀዋ ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር። ይህን ያሰብሁት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ አካፋውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

በሳምንቱ የነቢያት ጾም ገባ። ባቄላ ብቻ እንደምበላ በምልክት ነገርኋቸው፤ እሺ አሉ። ሁለት ሳምንት በላሁ። አንድ ቀን አንደኛዋ ልጅ ከቆርቆሮ የአሳማ ስብ በማንኪያ ዝቃ ባቄላዬ ውስጥ ስትጨምር አየኋት። ለካ በየቀኑ እንዲጣፍጠኝ ብላ ነው! ፊቴን አይተው ሳቁ። ራድካ የምትባለው አሮጊቷ የወጥ ቤት አለቃ ግን አልሳቀችም። ወጡን ደፋችው። አዲስ ድስት አውጥታ በፈላ ውሃ ፈተገች። ከዚያ ከሽርጧ ጫፍ ቀደደችና ድስቱ ጆሮ ላይ አሰረች፤ ጨርቁን አሳየችኝ፣ ደረቴን በጣቷ ነካች። ያንቺ ነው ማለቷ ነው።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ስለ ስቡ መሰላቸው።

አሁን እናንተ «አየሽ፣ እግዜር ብድራትሽን ከፈለሽ» ልትሉ ነው። ዝም በሉ! እኔም እንዲያ ብዬ ለመጽናናት ሞክሬ ነበር። የእኔ በሳቅና በአዲስ ድስት አለቀ። የሀዋን ድስት ማን ፈተገላት? ቋንቋዬን የማታውቅ ባዕድ በአንዲት ብጣሽ ጨርቅ ያከበረችኝን፣ እኔ አብሮ አደጌን በአንድ ወርች አዋረድኋት። ይሄ በምን ይካካሳል?

መጋቢት ላይ ቆቦ ተመለስሁ፤ የምስክር ወረቀትና ቆቦ ላይ ማንም የማይለብሰው ወፍራም ሹራብ ይዤ። ገበያ መሐል ሀዋን አገኘኋት። ነፍሰ ጡር ነበረች። ይዛኝ የምትጮኽ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን አንገቴን አቅፋ «መጣሽ እንዴ! በረዶው እንዴት ነው? እውነት ይንሸራተቱበታል?» አለችኝ። ነገርኋት፤ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ብዙ አሰብሁበት ዝናሽ። የተሳሳትሁት እኔው ነኝ መሰለኝ። ያን ቀን ልቤ በረዶው ጋ ነበር፤ የእናንተን መክተፊያ አንሥቼ ይሆናል። አባባን ሐራም ያበላሁ እኔ ነኝ። አላህ ይማረኝ።»

እኔም «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኋት።

ከወርቹ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ወርቹን ስጨምር ቀናተኛ ነበርሁ። «አይዞሽ» ስል ምን ነበርሁ? ስሙን ፈልጋችሁ አምጡልኝ፣ እኔ አላገኘሁትም። አባቷ ከእጇ ሳይበሉ ሞቱ። ዋጃ ላይ ሠርግ ሲኖር ሀዋ ዕቃ ታጥባለች አሉ፤ ሥጋ ቁረጪ ሲሏት «የእኔ እጅ አይታመንም» ትላለች። ራሷ! በራሷ አፍ! እኔ እዚህ ቆቦ ባለሙያ እየተባልሁ አርጅቻለሁ፤ ዋጃ በሚኒባስ ቅርብ ናት፤ አልሄድሁም።

ከእናንተ አንዱ ዋጃ የሚያልፍ ቢሆን ንገሩልኝ ልል ነበር። አያችሁ? ዛሬም የራሴን ድስት ለሰው ላሸክም ነው። አይሆንም። ያን ቀን ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኼ ነበር፤ አሁንም ገበያ መሐል ቆሜ መጮኽ ያለብኝ እኔ ነኝ። እሄድ ይሆን? እንጃ፣ ራሴን አላምነውም። ስለዚህ የምለውን አስቀድሜ እዚህ ጻፍሁት፤ ብቀር እንኳ እንዳልክደው። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

ሀዋ፣ ለዙሁር ስትሄጂ ትተሽልኝ የሄድሽው ድስት ንጹህ ነበር። ወርቹን የጨመርሁት እኔ ነኝ።