የሜትር እናት መስኮት

ባለቤቴን ሰፈሩ በሙሉ ሜትር ይለዋል። በስሙ የምንጠራው እናቱና እኔ ብቻ ነን፤ እኔም ስናደድ ሜትር እለዋለሁ፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሜትር ነው። ሥራው የሰው መስኮት እየለካ ብርድ መከላከያ መጋረጃ መግጠም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መለኪያው ከቀበቶው ወርዶ አያውቅም። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ዓይኑ መስኮቱ ላይ ያርፋል። አንዴ የታመመ ጓደኛውን ልንጠይቅ ሄደን፣ "አንተን ያሳመመህ ይሄ መስኮት ነው" ብሎ ተነስቶ ለካለት። በሽተኛው መለኪያውን በአንድ ጫፍ ይዞለት ነበር።

መጋረጃው ተራ ጨርቅ አይደለም። ድርብ ነው፤ ከጎን ሲያዩት የንብ ቤት የመሰሉ ኪሶች አሉት። አየሩ እዚያ ኪስ ውስጥ ገብቶ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጠዋት የመስታወቱ ብርድ ወደ ክፍሉ አይዘልቅም፣ ከሰዓት ደግሞ የፀሐዩ ግለት እዚያው ውጭ ይቀራል። የመኪናው ጩኸት እንኳ ይቀንሳል። የመጋረጃዎቹን ጠርዝ የምሰፋው እኔ ነኝና ይህን ሁሉ ሜትር ለደንበኛ ሲለፈልፍ እየሰማሁ በቃሌ ይዤዋለሁ።

እኛ ቤትስ? ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባላል። አማቴ በሚተኙበት ክፍል መስኮት ላይ የተሰቀለው አሮጌ አንሶላ ነበር። ያ ክፍል ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐዩ አንሶላውን አልፎ አልጋው ላይ ይወጣል። የአማቴ ጉልበት ብርድ አይችልም፤ ጠዋት ለመቆም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ያሹታል። ሜትር ያያል። "በዚህ ሳምንት እሠራልሻለሁ፣ እማዬ" ይላል። ይህ ሳምንት የሚሉት ነገር ሦስት ዓመት አለፈው። እኔ ስናገር ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

በመጨረሻ እህቱ ሰማች። የምትኖረው ከከተማው ማዶ ነው። ደውላ፣ "ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ የኔ ቤት ብርድ የለም" አለች። አማቴ አልተከራከሩም። ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አስወጥተው አቧራውን አራገፉና በሩ አጠገብ አቆሙት።

ሰው ምራትና አማት ሲባል የድመትና የአይጥ ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን እኚህን ሴት መልቀቅ አልፈለግሁም። ሜትር ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲያወራ ውሎ ቤት ሲገባ ቃሉ ያልቅበታል። ስፌት ላይ ጎንበስ ብዬ ስውል የማወራው ከእሳቸው ጋር ነው። የክሩን ቀለም የሚመርጡልኝ እሳቸው፣ የጎረቤቱን ጉድ የሚያመጡልኝ እሳቸው፤ ከመስኮት ሳይነሱ እንዴት እንደሚያገኙት እንጃ። እሳቸው ከሄዱ ያ ቤት ለእኔ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሰኞ ለባሌ ቁርጡን ነገርኩት። "እስከ ቅዳሜ ያ መስኮት ካልተሸፈነ እኔም አብሬያቸው ነው የምሄደው።"

ተነስቶ ለካ። ላይ፣ መሀል፣ ታች ለክቶ እንደ ሙያው ትንሹን ቁጥር ያዘ። የቀን መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ ጻፈውና በማግስቱ ጠዋት፣ "ለቆራጩ አድርሽልኝ" ብሎ ደንበኛው ጋ በረረ።

በዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ። መጋረጃ በመስኮቱ ልክ አይቆረጥም። ሲወጣና ሲወርድ ጎኑን እንዳይፈትግ ከወርዱ ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ይቀነሳል። የቀነሰ ሰው ቁጥሩን በክብ ያጥረዋል። ክብ ከሌለው ገና አልተቀነሰም ማለት ነው። ሜትር የጻፈው ቁጥር ክብ አልነበረውም። ስለዚህ ሁለት ቀነስኩና በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ክቡን ላደርግ ስል አማቴ ከክፍላቸው፣ "ልጄ፣ ያ ወፍራሙ ሹራቤ ሻንጣው ውስጥ ይግባ?" አሉኝ። ሄጄ ሹራቡን ሻንጣው ውስጥ ከተትኩላቸው። ወረቀቱን ያለ ክብ እንዳለ አጥፌ ወደ መቁረጫ ቤቱ ወሰድኩት።

ዓርብ ከሰዓት ሜትር መጋረጃውን ገጠመና ገመዱን ሳበ። እያማረበት ወረደ። ግን በግራ ሁለት ጣት፣ በቀኝ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። እጄን ብሰድ ብርዱ እንደ ልማዱ ይገባል። አልሸሹም ዞር አሉ።

"ስንት ብለሽ ነው የሰጠሽው?" አለኝ።

"አንተ ከጻፍከው ላይ ሁለት ቀንሼ ነዋ።"

"እኔ እኮ ቀንሼ ነው የጻፍኩት።"

"ታዲያ ክቡ የታለ?"

"ለገዛ ቤቴ ክብ ልሥራ እንዴ?"

ቆራጩ ጋ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔም ሰማሁ። "ክብ አላየሁም፣ ቀነስኩ። አንተው አይደለህ እንዴ እንዲህ ያስተማርከኝ?" አለ ሰውየው።

ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት የማያውቀውን ሰው መስኮት ያለ አንዲት ስህተት ሲለካ ኖሮ፣ እናቱ ላይ ሲደርስ ስድስት ሳንቲሜትር ጎደለ። በራሴም ተናደድኩ፤ ለአንዲት ክብ ጊዜ ያጣሁ ይመስል። እሱ ደግሞ መለኪያውን እየጠቀለለ፣ "ሌላ ይቆረጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት" አይል መሰላችሁ?

"ቅዳሜ ነገ ነው" አልኩት።

አማቴ ይህን ሁሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰሙ ነበር። "ሦስት ሆናችሁ ለእኔ ብላችሁ ቀነሳችሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የሚጨምርልኝ አንድ ሰው ጠፋ?"

ሜትር መለኪያውን አልጋው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሥራው ይሻለዋል፣ ደንበኛው ጋ ሄደ ብዬ ተቃጠልኩ። ተመልሶ ሲመጣ የአሮጌውን ቁም ሣጥን ሁለት ጣውላ ተሸክሟል። ከመስኮቱ ቁመት ጋር አስተያይቶ ቆረጣቸውና በግራና በቀኝ፣ የመጋረጃውን ጠርዝ እንዲያቅፉ አድርጎ መታቸው። እኔ ከወፍራም ጨርቅ ቅዳጅ እየሰፋሁ በጣውላው ውስጠኛ ፊት ላይ ለጠፍኩ። እናትና ልጅ ያወሩ ነበር። ምስማር በአፉ ይዞ ስለሚመልስላቸው ግማሹን አልሰማሁትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ሲቆይ ካየሁት ዓመታት አልፎ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ከአጠገባቸው ቁጭ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ አማቴ ምድጃው አጠገብ ቆመው ውሃ ጥደዋል። ጉልበታቸውን ሲያሹ አላየሁም፤ መቼም አልጠየቅሁም፣ ብጠይቅ አለቅስ ነበር።

እህቱ ረፋዱ ላይ መጣች። እየተቆጣች ገብታ፣ ክፍሉ መሀል ስትደርስ ቁጣዋ ጠፋ። ካፖርቷን አወለቀች። እጇን በመጋረጃው ጠርዝ ዙሪያ አዞረችና ወንድሟን አየችው። "የኔ መስኮት እኮ ከዚህ ይበርዳል" አለች።

"ብርድ የለም ብለሽ አልነበር?" አሏት እናቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሻንጣውን መልሺልኝ፣ ልጄ። ሹራቡን ግን አውጪልኝ፤ ስፌትሽ ጋ ስቀመጥ እለብሰዋለሁ።"

ሻንጣውን አልጋው ሥር ስገፋ ከኋላዬ እህቱ፣ "ታዲያ የኔን መቼ ትለካልኛለህ?" ስትለው ሰማሁ።

"በዚህ ሳምንት" አላት ሜትር።

አማቴና እኔ ተያየን። ተነስቼ የሥራ ቦርሳውን አመጣሁና በሩ አጠገብ፣ ሻንጣው ቆሞበት በነበረው ቦታ አቆምኩለት።

"አሁን ከእሷ ጋር ሂድ" አልኩት። "ስትጽፈውም ክብ አድርግበት።"