ሦስት ዘጠኝ የተውኩበት ቅዳሜ

ፖከር ያስተማሩኝ ሰው አገር ቤት የሒሳብ መምህር የነበሩ፣ እዚህ አሜሪካ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪናዬ እወስዳቸውና አሌክሳንድሪያ፣ አንዲት ነርስ ወዳጃችን ቤት፣ አምስት ስድስት ሆነን እንጫወታለን። የምንጫወተው ለጨዋታ ያህል፣ በገንዘብ ፈንታ በፕላስቲክ ቺፕስ ነው፤ ቢሆንም መሸነፍ የሚወድ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ፣ አንድ ሰው «ኦል ኢን» ብሎ ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ሲገፋ ምን ማሰብ እንዳለብኝ ነው። የራስህን ካርድ ደጋግመህ አትይ፣ አልተለወጠም ይሉኝ ነበር። ይልቅ ሰውየውን አስብ፤ ከተቀመጠ ጀምሮ እንዴት ሲጫወት ዋለ? ከመጀመሪያው ካርድ አንስቶ ያደረገው አሁን ከሚያደርገው ጋር ይገጥማል? እስካሁን መሃል ያስገባኸውን ደግሞ እርሳው፣ ያንተ መሆኑ ቀርቷል። እሳቸው ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ኦል ኢን ሲሉ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አላየሁም።

ያን ቅዳሜ ሁለት ዘጠኝ ደረሰኝ። መሃል ከተዘረጉት አምስት ካርዶች አንዱም ዘጠኝ ሆነ። ችግሩ፣ ከአምስቱ ሦስቱ ስፔድ የሚባለው ባለ አንድ ቅጠል ጥቁር ነበሩ፤ እጁ ላይ ሁለት ስፔድ ያለው ሰው አምስት ስለሚሞላለት ሦስት ዘጠኝን ያሸንፋል። ሌሎቹ ካርዳቸውን ጥለው ወጥተው ጋሼና እኔ ብቻ ቀረን። መነጽራቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው «ኦል ኢን» አሉ።

ብዙ አሰብኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኮል አደርግ፣ ያስገባውን ያህል አስገብቼ ካርዱን አይ ነበር። ግን እሳቸው ናቸው፤ ከሌላቸው አይሉም። ካርዴን ሳላሳይ ጣልኩ።

ደስ አላቸው። «ጎበዝ፤ ትክክል ነው ያደረግከው» አሉና፣ እንዲገባኝ ብለው ሁለቱን ካርዳቸውን ዘርግተው ከመሃሎቹ ጋር በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስተኛው ስፔድ አልነበረም። ጥቁር ነው፣ ግን ባለ ሦስት ቅጠሉ ነው። ጣታቸው እላዩ ላይ ቆሟል፣ ዓይናቸውም እሱን ያያል፤ ግን አልለዩትም። ነርሷ ልትናገር ስትል ከጠረጴዛው ሥር በእግሬ ነካኋት። ቺፕሱን ወደ እሳቸው ገፋሁት።

ስንመለስ፣ የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ ሳንሻገር፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀምረው በደስታ አጫወቱኝ። ከድልድዩ ወዲህ እንደገና፣ እንዳልነገሩኝ ሆነው፣ ያንኑ ከመጀመሪያው አጫወቱኝ። «እሺ ጋሼ» እያልኩ ነዳሁ።

ሰኞ ዕለት ሎረል ለምትኖረው ልጃቸው በስልክ ኮል አደረግኩላት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። «እኔም አይቼ ነበር፣ ሌላ ሰው እስኪነግረኝ ነው የጠበቅኩት» ብላ አለቀሰች። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ የፈራነው ሆነ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሼ አስጠሩኝ። ልብሳቸው በካርቶን ታሽጎ ወደ ልጃቸው ቤት ሊሄዱ ነው። ያን ቀን አእምሯቸው ጥርት ብሎ ነበር።

«ልጄ ነገረችኝ» አሉ። «ለምን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አልነገርከኝም?»

«ሰው ፊት ላሳፍርዎት አልፈለግሁም።»

«ካርዱንስ አዝነህልኝ ነው የጣልከው?»

«አይደለም ጋሼ። እርስዎ ካሉ አለ ብዬ ነው።»

«እሱን እቀበልሃለሁ። ዝም ያልከውን ግን አልቀበልህም። መጨረሻ ላይ የማውቀው እኔ መሆን አልነበረብኝም።»

ካርቶኖቹን ተሸክሜ መኪናው ላይ ጫንኩላቸው፤ ከዚያ በቀር የማደርገው አልነበረም። ነርሷም ቅዳሜ ሥራ መግባት ጀመረች፤ ማናችንም ሌላ ቦታ እንገናኝ አላልንም።

ባለፈው ወር ሎረል ሄጄ ነበር። ጋሼ ተነስተው በአክብሮት ጨበጡኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አባቴን አይተውት አያውቁም፤ ግን ደኅና መሆኑን ጠይቀው፣ ሰላምታ እንዳደርስላቸው አደራ አሉኝ። አደርሳለሁ አልኳቸው።