ፊት ላይ ስንት ሰው ይይዛል?

ሁለቱ የኤሌክትሪክ የቤተሰብ መኪኖች ከሚሴ ከተማ አስፋልት ዳር ለሽያጭ ከቆሙ ወዲህ ያልነካካቸው የለም፤ እኒህ ሽማግሌ ግን ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጢማቸው በሂና ቀልቷል፤ በግራም በቀኝም እኩል የተሞላ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል።

ሻጩ ቶፊቅ የሸመደደውን ሁሉ ዘረገፈላቸው። ነጩ በአንድ ቻርጅ አዲስ አበባ ይገባል፤ የግራጫው ጣሪያ መስታወት ነው። መብራት ከትናንት ጀምሮ መጥፋቱን ብቻ ዘለለው።

«ፊት ላይ ስንት ሰው ይይዛል?» አሉ፣ እንደ ትናንቱ።

«ከሹፌሩ ጎን አንድ ነው ሀጂ። ኋላ ግን አምስት!»

«የኋላውን ተወው። ይሄን መሀሉን ነቅላችሁ ወንበር ብታደርጉትስ?»

ቶፊቅ ሳቁን ዋጠ። ጉድ እኮ ነው፤ ሚሊዮኖች የሚያወጣ መኪና ፊት ቆመው አይሱዙ ያምራቸዋል!

ሽማግሌው ሁለቱንም መኪኖች በየተራ ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ፣ ሁለቱም ቤት አፍራሽ ናቸው።»

ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ሻርፕ ያደረጉት ሁለቱ ሚስቶቻቸው ይጠብቁ ነበር። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፌስታል ሰጡ። ከዚያ ሁለቱንም ባጃጅ ውስጥ ኋላ ጎን ለጎን አስቀመጡና፣ እሳቸው ከሹፌሩ ጎን ተጣበው፣ አንድ እግራቸው ውጭ እንደተንጠለጠለ፣ በሰላም ሄዱ።