የውሃ አባቱ ሎሚዎች

ልጅ እያለሁ ሮም ከተማ፣ ፒኜቶ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ጥግ ቀን ከሌት የሚፈስ የመንገድ ቧንቧ ነበር። ሮማውያን ናሶኔ፣ ማለትም አፍንጫሙ፣ ይሉታል። በበጋ ከሰዓት፣ አስፋልቱ በሙቀት ሲሸት፣ ከአያቴ ጋር እዚያ እንሄድ ነበር። እኔ በውሃ ጥም እየተቃጠልኩ አያቴ የመጣውን ሁሉ ያስቀድማሉ፤ ውሻ እንኳ ሳይቀር።

«እኛ የውሃ አባት ዘር ነን፤ መጨረሻ ነው የምንጠጣው» ይሉኝ ነበር። የዘር ነገር እንዲህ ያስጠማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ጥላ ስር ተቀምጠን፣ ከሸዋ ወደ ሮም ይዘውት የመጡትን የአባታቸውን ታሪክ ይጀምራሉ። ቅድመ አያቴ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከደቡብ ኢጣሊያ ወደ ኢትዮጵያ በመርከብ የሄዱ ድሃ ገበሬ ነበሩ። የሎሚ ዘር በመሐረብ ቋጥረው ሸዋ ቆላ ወንዝ ዳር ሰፈሩ፤ ሰዉም ሙሴ ሮኮ አላቸው። የመስኖውን ውሃ የሚያካፍል የውሃ አባት ሲመረጥ፣ ሽማግሌዎቹ ተከራክረው ተከራክረው እሳቸውን ሾሙ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ከእኛ አንዱን ብንሾም ለወገኑ ያዳላል፤ ይህ ፈረንጅ ግን ዘመድ የለውም» ብለው። ሹመቱ አንድ ሕግ ነበረው፦ የውሃ አባት የራሱን ማሳ የሚያጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሙሴ ሮኮ ግን የአገሩን ልጅ አገቡና ዘመድ አፈሩ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት አማታቸው መጥተው «ልጄን ሰጥቼህ ውሃ ትከለክለኛለህ?» አሏቸው። «ተራዎ ሲደርስ፣ አባቴ» ብለው ቦዩን ለአንዲት ባልቴት ማሳ ከፈቱ። የራሳቸው ሎሚዎች ቦዩ ጫፍ ላይ ይጠብቁ ነበር።

«ውሃው ሎሚዎቹ ጋ ደረሰ፣ አባባ?» እላለሁ፣ መልሱን እያወቅሁ። ምናልባት ዛሬ ይደርስ ይሆናል ብዬ።

«አልደረሰም። ሎሚዎቹ ደረቁ። እሳቸውን ግን እስኪሞቱ ድረስ ከሹመቱ ያወረዳቸው የለም» ይላሉ።

በህልሜ ቦዩ የትራሙን ሐዲድ ተከትሎ በፒኜቶ ሲፈስ አይ ነበር። ሎሚዎቹ ጋ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ እነቃለሁ።

ጎረምሳ ስሆን አያቴ መርሳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ የሰፈሩን መንገድ፣ ቆይቶም ስሜን። አንድ ቀን ናሶኔው አጠገብ ታሪኩን እኔ ነገርኳቸው። አፍ አፌን እያዩ አዳመጡና «ውሃው ደረሰላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ደረሰ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉና እጄን ጨበጡ።

ናሶኔው ዛሬም ይፈሳል። መንገደኛው ግን የታሸገ ውሃውን ይዞ ያልፋል፤ በተራ የሚጣላም፣ ተራውን የሚለቅም የለም። ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልስልኝ ግን በጣሊያንኛ ነው። ታሪኩን ስጨርስ «አሎራ? እና፣ ደረሰ?» ትለኛለች። ለእሷ እውነቱን ነው የምነግራት። እሷ ግን በማግስቱ ደግማ ትጠይቀኛለች።