ቦይለሩ ከመነሳቱ በፊት

ሰሞኑን በአቃቂ ሳልፍ የዚያን ፋብሪካ የጭስ መውጫ አየሁት። አያጨስም። በነዳጅ የሚሠራውን የእንፋሎት ማሞቂያ፣ ቦይለሩን፣ በኤሌክትሪክ ቀይረውታል አሉኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አንገቴን እስኪያመኝ ዞሬ አየሁት።

የመጨረሻው ደህና ቀን እሁድ ነበር። ክረምቱ እየወጣ ቢሆንም የግቢያችን ጭቃ ገና አልደረቀም። ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ላይ ጎንበስ ብሎ መለኪያ ዘንግ ያስገባል፣ ያወጣል። እማዬ ሽሮው ቀዘቀዘ እያለች ትጣራለች።

ሰለሞን መሐንዲስ ነው። ነበር። መንግሥት የአገሪቱን የካርቦን ልቀት የሚቀንስ እቅድ እያወጣ ስለነበር፣ እሱና ባልደረቦቹ ፋብሪካዎች ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያቃጥሉ ይለካሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ እቅድ ማለት አዳራሽ ውስጥ የሚነበብ ነገር ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን አገር ዛሬ የምታቃጥለውን ሳታውቅ ነገ እቀንሳለሁ ብትል ከምን ላይ እንደምትቀንስ አታውቅም ይል ነበር።

ችግሩ ፋብሪካዎቹ እንደ ግብር ሰብሳቢ ያዩታል። የዚህ የአቃቂው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ለሳምንታት አመላልሶታል። ቦይለሩን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ሸምሱ እንኳ፣ "ደግሞ ጭስም ሊቀረጥ ነው?" ብለውት ነበር።

"ግብር ቢሆንማ ጋሼ፣ በር ላይ ቆሜ ገምቼልዎት እሄድ ነበር" አላቸው። በሳቅ ፈረሱ፤ ሥራ አስኪያጁንም ያግባቡለት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ቦይለሩ ተለኩሶ ከመነሳቱ በፊት የነዳጁ ታንከር ይለካል፣ ማታ ይደገማል። ይህች ቀን ካለፈች ሌላ ቀን የለም ተባለ።

ሰለሞን ዘንጉን ለሰኞ እየሞከረ ነበር፤ እኔም ተቀብዬው በርሜሉን ለካሁ። "አርባ" አልኩ። ጠጋ ብሎ አየ።

"አርባ አልሞላም። አጠጋጋኸው።"

"ትንሽ እኮ ናት፣ ሶሌ።"

"አገሩ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ካጠጋጋ እቅዱ ተረት ይሆናል" አለና ዘንጉን በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ሰጠኝ።

ከምሳ በኋላ ጓደኛው ጋ ቱሉ ዲምቱ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጨ። እኔና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወርቁ ሆስፒታል ስንደርስ በሕይወት አላገኘነውም።

እኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው ሲነጋ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ጋሽ ወርቁ እስከዚያ እናትህ ፊትህን እንዳታይ ብለው እሳቸው ቤት አሳደሩኝ። እማዬ ጋሽ ወርቁ ባስነገሯት መሠረት ሁለታችንም ቱሉ ዲምቱ ያደርን መስሏታል።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። በቤታችን በኩል ሳልፍ ዘንጉ አጥሩን ተደግፎ እንደቆመ ነው። ከውስጥ እማዬ ስታስል ሰማሁ። ቀስ ብዬ አነሳሁትና ወደ ፋብሪካው ሄድኩ።

ጋሽ ሸምሱ ክብሪታቸውን ይዘው እየጠበቁ ነበር። "ኢንጂነሩስ?" አሉኝ።

"እኔን ልኮኝ ነው" አልኩ።

ታንከሩ ላይ ወጥቼ ዘንጉን ቀጥ አድርጌ አስገባሁ። ጥቁሩ ነዳጅ በዘንጉ ሁለት መስመሮች መካከል ላይ ቆሟል። ጠርጌ እንደገና ለካሁ። ያው ነው። እንዳለ ጻፍኩት።

ወርጄ ዘንጉን ለጋሽ ሸምሱ ዘረጋሁላቸው። "የማታውን እርስዎ ይለኩልኝ። እንዳያጠጋጉት።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ክብሪቱን ኪሳቸው ከተው፣ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

ከዚያ ወደ እማዬ ሄድኩ።